ስቴት በሌለበት ቋንቋ ፊድባክ ያለውን ነገር እንዴት ነው የምትሠሩት? (60 እንቁላል ካቃጠልኩ በኋላ የመጣ ጥያቄ)

ወለቴ_ሌሊት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

ሰላም ለዚህ ቤት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ወለቴ ነው የምኖረው። ቀን ቢሮ ኮድ እጽፋለሁ፣ ማታ ጓሮ ባለችው ክፍል ዶሮ እሞክራለሁ። ከማይሠራ አሮጌ ፍሪጅ የእንቁላል ማስፈልፈያ ሠራሁ። ውስጡ የማሞቂያ ሽቦ፣ ትንሽ ፋን፣ የሙቀት ሴንሰር አለ። ሽቦውን በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚያበራ የሚያጠፋ ትንሽ ቦርድም አለ። የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ይፈልጋል፣ ሙቀቱም 37.7 አካባቢ መቆየት አለበት። ከዚያ ብዙ ከወጣ አለቀ።

በ13ኛው ቀን ሌሊት መብራት ጠፋ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆየ። ቦርዱን ከፓወር ባንክ ጋር አያይዤው ስለነበር እሱ አልጠፋም። በዚህ እንኳ ተደስቼ ነበር። መብራት መጣ፣ እኔም ተኛሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በሩን ስከፍት ሴንሰሩ 47 ይላል። 60 እንቁላል። ባለቤቴ አንዱን ሰብራ አየችና ምንም ሳትናገር ወደ ቤት ገባች።

ኮዱ በሲ የተጻፈ ነው፣ ሁሉም ነገር ግሎባል ቫሪያብል (ከየትኛውም የኮዱ ቦታ የሚነበብና የሚቀየር) ውስጥ ነው። ምን እንደሆነ ለማወቅ ከእውነተኛ እንቁላል በፊት ላፕቶፕ ላይ ሞዴሉን ልሠራ አሰብኩ። አሁን ሃስኬል (አንዴ የተሰጠ ዋጋ የማይቀየርበት የፕሮግራም ቋንቋ) እየተማርኩ ስለሆነ በእሱ ልሞክር አልኩ። እዚህ ላይ ተያዝኩ።

ማስፈልፈያው የሚያስታውስ ነገር ነው፣ ማለትም ስቴት አለው። ያሁኑ ሙቀት ካለፈው ደቂቃ ሙቀት ነው የሚመጣው። ተቆጣጣሪውም ያስታውሳል። ከዚያ ደግሞ የአንዱ ውጤት የሌላው ግቤት ነው፣ ፊድባክ የምለው ይሄንን ነው፦ ሙቀቱ ኃይሉን ይወስናል፣ ኃይሉ ሙቀቱን። ምንም ነገር መቀየር በማይቻልበት ቋንቋ ይሄን እንዴት ነው የምጽፈው? ሁለት ዝርዝር አድርጌ እርስ በርስ ሳገናኛቸው ፕሮግራሙ አንዴ «ሉፕ» ብሎ ሞተ፣ አንዴ ዝም ብሎ ተሰቀለ።


ባለ_ሮቶ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:42

ለእንቁላሉ አዝናለሁ ወንድሜ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል ነበር፣ ያንተው ግን ተቀቅሎ ቀረ።

ለእኔ ነገሩ የገባኝ በውኃ ነው። ለገጣፎ ነኝ። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ታች አንድ ሮቶ፣ ጣሪያ ላይ አንድ ሮቶ፣ መሀል ላይ ፓምፕ አለኝ። መጀመሪያ «የላይኛው ከ60 በመቶ ካነሰ ፓምፑን አብራ፣ ከበለጠ አጥፋ» ብዬ ጻፍኩ። ፓምፑ 60 በመቶ ላይ ሲደርስ ቱክ ቱክ ቱክ እያለ ሰፈሩን በጠበጠ። ውኃው ትንሽ ሲናወጥ ይበራል፣ ይጠፋል። ሪሌዩ በሳምንት ተቃጠለ።

መፍትሔው ሁለት መስመር ነው። ከ30 በታች ሲሆን አብራ፣ ከ90 በላይ ሲሆን አጥፋ፣ መሀል ላይ ከሆነ ግን የነበርክበት ቆይ። አሁን ልብ በል። ሮቶው 60 በመቶ ላይ ነው ብልህ ፓምፑ በርቷል ወይስ ጠፍቷል? አታውቅም። እየሞላ ከሆነ በርቷል፣ እየጎደለ ከሆነ ጠፍቷል። የውኃውን መጠን ብቻ የሚቀበል ንጹሕ ፈንክሽን (ለአንድ ግቤት ሁልጊዜ ያንኑ መልስ የሚሰጥ) ይሄን በጭራሽ ሊመልስ አይችልም። ለአንድ ግቤት ሁለት መልስ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የጎደለውን ግቤት ትሰጠዋለህ። «የነበርኩበት»ን።

ፓምፕ ነበር መጠን =
  መጠን ከ30 ካነሰ፦ በርቷል
  መጠን ከ90 ከበለጠ፦ ጠፍቷል
  አለዚያ፦ ነበር

ይሄ ንጹሕ ነው። ምንም አይቀየርም። ትውስታው ፈንክሽኑ ውስጥ አልተደበቀም፣ በፊት ለፊት በር ይገባል፣ በፊት ለፊት በር ይወጣል። ያወጣውን አንስተህ ለሚቀጥለው ዙር መልሰህ ታጎርሰዋለህ። በቃ።


ጠጣር_ሲ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ይቅርታ ግን ይሄ ሁሉ መንደፋደፍ ለምንድነው? አንድ ስታቲክ ቫሪያብል፣ ዋጋውን ይዞ የሚቆይ። አለቀ። የምትጠቀሙት ቦርድ 2 ኪሎባይት ራም ነው ያለው። ሃስኬል እሱ ላይ ልትጭኑ ነው? ስማርት መባል ነው እንጂ ሌላ ጥቅሙ አይታየኝም።


ሰኞ_ማለዳ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:31

ጠጣር፣ እሱ ቦርዱ ላይ ሃስኬል እጭናለሁ አላለም። ሞዴል ነው የሚሠራው፣ ላፕቶፕ ላይ። ረጋ በል።

ወለቴ፣ ያንተ «ሉፕ» ለምን እንደመጣ ልንገርህ፤ እኔም ኮዬ ፈጬ መብራት በሌለበት ምሽት በላፕቶፑ ባትሪ ተጨንቄ ያወቅኩት ነው።

ማንኛውም የሚያስታውስ ነገር በዚህ ቅርጽ ይጻፋል፦

እርምጃ ስቴት ግቤት = (አዲስ_ስቴት፣ ውጤት)

ይሄ የሃስኬል ሰዎች ፈጠራ አይደለም። ጆርጅ ሚሊ በ1955 ለኤሌክትሪክ ሰርኪዩት የጻፈው ነው። ውጤቱ ከስቴቱም ካሁኑ ግቤትም ይመጣል። ኤድዋርድ ሙር ደግሞ በ1956 ትንሽ የተለየ አመጣ፦ ውጤቱ ከስቴቱ ብቻ ነው፣ ያሁኑ ግቤት የሚታየው በሚቀጥለው እርምጃ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ፊድባክ ሲመጣ ግን ሁሉ ነገር እሱ ነው።

ሁለት የሚሊ ማሽን ጭራና ጭራቸውን ብታስር፣ የአንዱ ያሁን ውጤት የሌላውን ያሁን ውጤት ይፈልጋል፣ ያኛውም መልሶ ይሄንን። «አንተ ቅደም» «አይ አንተ ቅደም» እየተባባሉ በር ላይ እንደቆሙ ሁለት እንግዶች። ማንም አይገባም። ያንተ ፕሮግራም የሞተው እዚህ ነው። በሲ ቢሆን አይሞትም ነበር። ከሁለቱ መስመሮች ቀድሞ የተጻፈው ያለፈውን ዋጋ ይወስድና ዝም ብሎ ይቀጥላል። ማለትም አንድ እርምጃ መዘግየት ሳታውቀው በመስመሮቹ ቅደም ተከተል አስገብተሃል። ሁለቱን መስመሮች ብታገላብጣቸው ሌላ ማሽን ይሆናል፣ ኮምፓይለሩም ምንም አይልህም።

በሙር በኩል ከሄድክ ግን ክሩ ይፈታል። ፍሪጁ የሙር ማሽን ነው፣ በተፈጥሮው። ሽቦውን አሁን ብታበራው ሙቀቱ በዚያችው ቅጽበት አይዘልም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሙቀት በእጅህ ስጠው፣ ቀሪውን እነሱ ይመዙታል፦

ሳጥን ሙቀት ኃይል = ሙቀት + 0.6 × ኃይል − 0.02 × (ሙቀት − 20)

ሙቀቶች = 20 : አጣምር ሳጥን ሙቀቶች ኃይሎች
ኃይሎች = ቃኝ ተቆጣጣሪ 0 ሙቀቶች

«አጣምር» ሁለት ዝርዝር ጎን ለጎን እየወሰደ ፈንክሽን ላይ የሚጥለው ነው። «ቃኝ» ስቴት ይዞ ዝርዝሩን የሚሄድበት ነው። ቁጥሮቹን እኔ ነኝ የገመትኩት፦ ሽቦው በሙሉ ኃይል በደቂቃ 0.6 ዲግሪ ይጨምራል፣ ከክፍሉ ጋር ካለው ልዩነት 2 በመቶው በየደቂቃው ያመልጣል፣ ክፍሉ 20 ዲግሪ ነው። በራስህ ቁጥር ቀይረው።

ቁልፉ ያቺ መጀመሪያ ላይ ያለችው 20 ናት። ሙቀቶች የሚለው ዝርዝር ራሱን ይጠራል፣ ግን ራሱን አንድ እርምጃ ዘግይቶ ነው የሚጠራው። ሃስኬል ሰነፍ ስለሆነ፣ ማለትም የተጠየቀውን ብቻ ስለሚያሰላ፣ ሁለተኛውን ሙቀት ለማግኘት የመጀመሪያው ኃይል ይበቃዋል፣ ለመጀመሪያው ኃይል ደግሞ 20 ይበቃዋል።

ይህቺን ዘዴ የቋንቋው ዋና ነገር ያደረጉም አሉ። በ70ዎቹ ሉሲድ የሚባል ቋንቋ «ይሄ፣ ቀጥሎ ያ» የሚል ኦፕሬተር ነበረው። በ80ዎቹ ፈረንሳይ ግረኖብል የተሠራው ሉስትር «የቀድሞው» የሚል ቃል አለው። በሉስትር መዘግየት የሌለበት ዙር ከጻፍክ ኮምፓይለሩ ራሱ ይመልስሃል። ከሉስትር የወጣውን ስኬድ የሚባል መሣሪያ ኤርባስ ለበረራ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ይጠቀምበታል። ስለዚህ ለስማርትነት ብቻ አይደለም፣ ጠጣር።


ወለቴ_ሌሊት | ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 6:50

ሠራ! እህቴ ዕድሜ ይስጥሽ።

ለሳቅ ያህል፦ ስሞቹን ሁሉ በአማርኛ ጻፍኳቸው። ሃስኬል የእኛን ፊደል ለቫሪያብልና ለፈንክሽን ይቀበላል። ለታይፕ ስም ግን በትልቅ ፊደል መጀመር አለበት ይላል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውማ! ሀ ሀ ናት። አንድ የላቲን ፊደል ከፊት ለጥፌ አለፍኩት።

ወደ ቁም ነገሩ። የእኔ ተቆጣጣሪ ይሄ ነው፣ ከሲው ኮድ እንዳለ የገለበጥኩት፦

ተቆጣጣሪ ድምር ሙቀት = (አዲስ_ድምር፣ ኃይል)
  ስህተት = 37.7 − ሙቀት
  አዲስ_ድምር = ድምር + ስህተት
  ኃይል = ገድብ 0 1 (0.3 × ስህተት + 0.01 × አዲስ_ድምር)

«ገድብ» ቁጥሩ ከ0 እንዳያንስ፣ ከ1 እንዳይበልጥ የሚይዘው ነው። መጀመሪያ ድምሩን አውጥቼ በ0.3 ብቻ ሞከርኩ። ሙቀቱ 35.9 ላይ ሄዶ ተቀመጠ፣ ከዚያ አልነቃነቅ አለ። በወረቀትም ሠራሁት፦ የሚገባው 0.18 × ስህተት ነው፣ የሚያመልጠው 0.02 × (17.7 − ስህተት)። እኩል ሲሆኑ ስህተቱ 1.77 ነው። ሽቦው እንዲበራ የግድ ትንሽ ስህተት መኖር አለበት ማለት ነው። ስህተት ከሌለ ኃይል የለም፣ ኃይል ከሌለ ይበርዳል። ድምሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሳጥኑን 37.7 ላይ ለመያዝ 59 በመቶ ኃይል ይፈልጋል፣ ድምሩ ቀስ ብሎ 59 ላይ ይደርስና ስህተቱ ዜሮ ሆኖም ሽቦው ይበራል።

ከዚያ «መብራት» የሚል ሦስተኛ ዝርዝር ጨመርኩ፣ 1 ወይ 0፣ ከኃይሉ ጋር የሚባዛ። ለ120 ደቂቃ 0 አደረግኩት።

መብራት ሲጠፋ ድምሩ 59 ነበር። ሲመጣ 1,376።

አንድ ሺህ ሦስት መቶ! ሽቦው ሞቷል፣ ሳጥኑ እየበረደ 21.6 ደርሷል፣ ተቆጣጣሪው ግን በፓወር ባንኩ ቁጭ ብሎ በየደቂቃው ስህተት እየደመረ ነበር። መብራት ሲመጣ ያንን ሁሉ ዕዳ ካልከፈልኩ አለ። በሞዴሉ ሽቦው ሦስት ሰዓት ያህል በሙሉ ኃይል ነደደ፣ ሙቀቱ 49 አለፈ።

እኔ ደግሞ ፓወር ባንኩን ያሰርኩት ለጥንቃቄ ነበር። ቦርዱ አብሮ ቢጠፋ ኖሮ ድምሩ ከዜሮ ይጀምር ነበር።


የአቃቂ_ጡረተኛ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:15

ልጆች ደህና አደራችሁ? የምትጽፉበትን ቋንቋ አላውቀውም። በሽታውን ግን አውቀዋለሁ።

አቃቂ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቦይለር ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የእንፋሎቱን ግፊት የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ ነበረን። መብራት ሲሄድ የመጀመሪያው ሥራችን ማዞሪያውን ወደ «ማኑዋል» ማዞር ነበር። አንድ አዲስ ልጅ ረስቶ፣ መብራት ሲመለስ ቫልቩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ሴፍቲው ጮኸ። ሁላችንም ሮጥን። ባለሙያዎቹ ይሄንን ዋይንድአፕ ይሉታል። እኛ «ቂም ያዘ» ነበር የምንለው። ቂም ነው በእውነት። የማይችለውን እየታዘዘ፣ ያልቻለውን ሁሉ እየቆጠረ ይቆያል።


ባለ_ሮቶ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:40

ጋሼ «ቂም ያዘ» ገደለኝ። ቫሪያብሉን ከ«ድምር» ወደ «ቂም» ቀይረው ወለቴ።


ጠጣር_ሲ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:02

እሺ ቀላል ነው። መብራት መኖሩን የሚያይ ሴንሰር ጨምር። መብራት ከሌለ ድምሩን አትደምር። አንድ ኢፍ።


ሰኞ_ማለዳ | ረቡዕ፣ ቀን 6:20

የምሳ ሰዓቴን በላችሁት። ሞከርኩት፣ አይበቃም።

ጠጣር ያለው ትክክለኛ መንገድ ይመስላል። የመጀመሪያው ጥፋት እኮ ተቆጣጣሪው ስለ መብራት ጨርሶ አለማወቁ ነው። ፊርማውን (የፈንክሽኑን የመጀመሪያ መስመር) እዩት፦ የሚቀበለው ድምርና ሙቀት ብቻ ነው። በግሎባል የተጻፈ ኮድ ምን እንደሚያውቅና እንደማያውቅ በአንድ እይታ አይታይም። እዚህ ግን በመጀመሪያው መስመር ላይ አፍጥጦ ይታያል።

ግን ቁጥሩን ተከተሉ። መብራት ሲጠፋ ድምሩ 59 ላይ ተኛ እንበል። ሲመጣ ሳጥኑ 21.6 ነው። በሙሉ ኃይል 37.7 ለመድረስ 41 ደቂቃ ይፈጅበታል። በዚያ 41 ደቂቃ መብራት አለ፣ ስለዚህ ይደምራል። 296 ይጨምራል። 37.7 ሲደርስ ድምሩ 355 ነው፣ የሚያስፈልገው ግን 59። ሙቀቱ 43 ድረስ ይወጣል። እንቁላሉ ያው ሞተ፣ ትንሽ በቀስታ።

ችግሩ መብራቱ አይደለም ማለት ነው። ተቆጣጣሪው ከ1 በላይ ማዘዝ በማይችልበት ሰዓት መቁጠሩ ነው።


የአቃቂ_ጡረተኛ | ረቡዕ፣ ቀን 8:05

ልጄ ልክ ብለሻል። ቫልቩ ጥግ ከደረሰ ቆጠራው ይቁም። የእኛም ኋላ የመጣው አዲሱ መሣሪያ እንደዚያ ነበር።


ወለቴ_ሌሊት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:30

ጋሼ እናመሰግናለን፣ ጤናዎን ይስጥልኝ። በሁለት መንገድ ሞከርኩት።

አንደኛው ድምሩ ራሱ ከ100 እንዳያልፍ ማሰር ነው። አንድ «ገድብ» መጨመር ብቻ። ከሁለት ሰዓት መጥፋት በኋላ ከፍተኛው 38.7 ሆነ። ከ49 ወደ 38.7 በአንድ ቃል።

ሁለተኛው የጋሼ ነው («ጥያቄው» ማለት «ገድብ» ሳይነካው የተጠየቀው ኃይል ነው)፦

አዲስ_ድምር = ጥያቄው ከ1 ከበለጠ ወይ ከ0 ካነሰ፦ ድምር፤ አለዚያ፦ ድምር + ስህተት

ይሄ 37.8 ላይ ቆመ። ከዚያ በላይ አልወጣም። የመብራት ሴንሰርም አያስፈልገውም፣ ምክንያቱም መብራት ጠፍቶ ሳጥኑ ሲበርድ ጥያቄው ቶሎ ከ1 ያልፋል፣ ቆጠራውም በራሱ ይቆማል።

አሁን ያስደነገጠኝን ልንገራችሁ። ክዊክቼክ የሚባለውን ከሃስኬል ጋር የሚሠራ መሞከሪያ አወረድኩ። «በየትኛውም ዓይነት የመብራት መጥፋት ሙቀቱ ከ39 አይበልጥም» የሚል ሕግ ሰጠሁት። እሱ የመጥፊያ ሰዓቶችን በዘፈቀደ እየፈጠረ 21 ቀኑን ያስሮጠዋል። 21 ቀን በደቂቃ 30,240 እርምጃ ነው፣ ለላፕቶፕ ምንም አይደለም። ሕጉ ሲሰበር ደግሞ ምሳሌውን እየቆራረጠ፣ አሁንም የሚሰብረውን ትንሹን ምሳሌ ይሰጣል።

በድሮው ተቆጣጣሪ ላይ አስሮጥኩት። እርግጥ ይሰበራል፣ የጠበቅኩት «ከ15 ደቂቃ በላይ ሲጠፋ» ምናምን የሚል ነበር። የሰጠኝ ባዶ ዝርዝር ነው።

ባዶ! መብራት አንዴም ሳይጠፋ ይሰበራል። ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል ብዬ ግራፉን አየሁት። ከ20 ዲግሪ ቀዝቃዛ ሳጥን ሲነሳ፣ 37.7 እስኪደርስ 44 ደቂቃ ስህተት ይደምራል፣ ከዚያ 43 ድረስ ይዘላል። ሁልጊዜ! እንቁላል ከማስገባቴ ከአንድ ቀን በፊት ባዶውን ስለማሞቀው ዘሎ ሲመለስ አይቼው አላውቅም። ቂሙ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ነበር።

በጋሼው መንገድ ከቅዝቃዜ ሲነሳ ጭራሽ አይዘልም። ቀስ ብሎ ከታች ይገባል።


ሱሉልታ_ብርድ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:55

ክፍሉ 20 ዲግሪ ነው ትላላችሁ? ሱሉልታ ኑ። እዚህ ሌሊት ክፍሌ 12 ነው። የ20ን ነገር ከሳጥኑ ውስጥ አውጥታችሁ ግቤት አድርጉት እባካችሁ።


ሰኞ_ማለዳ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:10

ልክ ነህ፣ ቁጥሩ ውስጥ ደብቄው ነበር፤ የእኔ ጥፋት። በ12 ዲግሪ ሳጥኑን ለመያዝ 86 በመቶ ኃይል ይፈልጋል። በሙሉ ኃይልም ከ42 በላይ አይወጣም። አንተስ ከተቆጣጣሪው በፊት ሽቦና ብርድ ልብስ ነው የሚያስፈልግህ።


ጠጣር_ሲ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:48

እሺ። ባዶ ዝርዝሩ አሳመነኝ፣ አልዋሽም። ግን ጥያቄዬ አለ። ቦርዱ ላይ የሚሄደው አሁንም ሲ ነው። ሞዴሉና እውነተኛው ኮድ ሁለት ከሆኑ የፈተንከው አንዱን፣ ያስቀመጥከው ሌላውን ነው።


ወለቴ_ሌሊት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:15

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም አሰብኩበት። የሲውን ኮድ በዚያው ቅርጽ ጻፍኩት። አንድ ስትራክት (የዋጋዎች ጥቅል) ይቀበላል፣ አንድ ስትራክት ይመልሳል። ውስጡ ግሎባል የለም፣ ስታቲክ የለም፣ ሰዓት አይጠይቅም፣ ሴንሰር አያነብም። ያለፈው ጊዜ ርዝመት እንኳ በግቤት ነው የሚሰጠው። ሴንሰር ማንበብና ሪሌይ መንካት ውጪ ባለችው ዙር ብቻ ነው፣ አሥር መስመር አትሞላም። ያችኑ የሲ ፈንክሽን ሃስኬሉ በቀጥታ ይጠራታል። ክዊክቼክ አሁን የሚፈትነው ቦርዱ ላይ የሚቀመጠውን ራሱን ነው።

ድሮ በነበረኝ ኮድ ይሄ አይቻልም ነበር። ሁለት ጊዜ ማስሮጥ እንኳ አይቻልም፣ የመጀመሪያው ሩጫ ቅሪት ግሎባሉ ውስጥ ይቆያል።


ባለ_ሮቶ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:30

ፓወር ባንኩ ራሱ ሲያልቅስ? ከዜሮ ነው የሚነሳው?


ወለቴ_ሌሊት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:52

ስቴቱ በሙሉ አንድ ቁጥር ስለሆነ ማስቀመጥ ቀላል ነው። በየደቂቃው ቦርዱ ኢኢፕሮም (ኃይል ሲጠፋ የማይረሳ ማስታወሻ) ላይ ልጽፈው ነበር፣ በጊዜ አቆምኩ። ያ ቺፕ በአንድ ቦታ ለ100,000 መጻፍ ነው ዋስትና ያለው። በየደቂቃው ከሆነ 69 ቀን። አራት ዙር ጫጩት ሳይሞላ ቦታው ያረጃል። አሁን በየሰዓቱ ነው የምጽፈው። ድምሩ በሰዓት ብዙ አይለወጥም፣ ትንሽ ቢያረጅም ጉዳት የለውም።


ጠጣር_ሲ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5:05

የስትራክቷን ፋይል ላክልኝ። ምክንያቱን አትጠይቁኝ።


ባለ_ሮቶ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5:07

😂 አልጠየቅንም።


ወለቴ_ሌሊት | ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

ላሳውቃችሁ ብዬ ነው። 40 እንቁላል አስገብቻለሁ፣ ዛሬ 9ኛ ቀኑ ነው። በ7ኛው ቀን በባትሪ ብርሃን አየኋቸው፣ 33ቱ ውስጥ ደም ሥር ይታያል።

ትናንት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ነበር። ለ1 ሰዓት ከ20። መዝገቡን አሁን ነው ያየሁት፦ ዝቅተኛው 25.1፣ መብራት ከመጣ በኋላ ከፍተኛው 37.9። ሞዴሉ 23.5 ይወርዳል ብሎኝ ነበር። የእንቁላሎቹን ሙቀት አልቆጠርኩትም መሰለኝ፣ 40 እንቁላል ብዙ ውኃ ነው። ሳጥኑ ላይ ሁለተኛ ስቴት ያስፈልጋል።

ሲጠፋም ሲመጣም አልሰማሁም። ተኝቼ ነበር።


የአቃቂ_ጡረተኛ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:00

ጎሽ። የእንቁላሉን ሙቀት ስትጨምር ቁጥሩን እዚህ ጻፈው፣ ልጄ ፍሪጅ አለው።